ወንዝ የወሰደውን ለመለሰ ሰው

በውኃ ላይ የሚጠፋ ዕቃ በየብስ ላይ ከሚጠፋው የሚለየው በጠፋበት ቦታ ባለመቆየቱ ነው። መንገድ ላይ የወደቀ ቦርሳ ሰው እስኪያነሣው ድረስ ከወደቀበት አይነቃነቅም፤ ባለቤቱም የመጣበትን መንገድ ተመልሶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሊፈልገው ይችላል። ካያክ የተባለው ትንሽ ጀልባው ተገልብጦ መቅዘፊያው ከእጁ ያመለጠ ቀዛፊ ግን ተመልሶ የሚፈልግበት ስፍራ የለውም። እሱ ዳር ወጥቶ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ድረስ ወንዙ ዕቃውን ይዞ ሁለት ሦስት እጥፋት ተሻግሯል። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ቢመለስ የሚመለሰው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ ካያክ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የሚቀርብ ምስጋና ከምን እንደሚመነጭና በምን እንደሚፈጸም መመርመር የዚህ ሐተታ ጉዳይ ነው።

የፖቶማክ ወንዝ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ከዋሽንግተን ዲሲ በላይ፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን በሚለይበት ግሬት ፎልስ በተባለው ስፍራ፣ ወንዙ በአጭር ርቀት ውስጥ 23 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ቀጥሎም ማዘር ጎርጅ በሚባል ጠባብ የአለት ገደል ተጨምቆ ያልፋል። በፈጣን ውኃ ላይ መቅዘፍ የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። እዚያ ከእጅ ያመለጠ መቅዘፊያ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቼይን ብሪጅ ከተባለው ድልድይ ይደርሳል፤ ያውም በመንገዱ ካለው ግድብ ሥር የሚሽከረከረው ውኃ ካላስቀረው፣ ወይም ጎርፍ ካመጣው ግንድ ሥር ካልተወሸቀ ነው። ሊትል ፎልስ ከተባለው ስፍራ በታች ወንዙ ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ወደ ታች ሲሄድ የታየ ዕቃ ከሰዓታት በኋላ ወደ ላይ ሲመለስ ሊታይ ይችላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ፍሌቸርስ ኮቭ አለ፤ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ተከራይተው የሚወጡበት ነው። ከወንዙ ጎን ለጎን ደግሞ የድሮው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የእግር መንገድ ከጆርጅታውን ተነሥቶ 297 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ በመሆኗ፣ ከዚህ ወንዝ ዳር የባዕድ ሰው መቅዘፊያ የሚያነሣው እጅ የአማርኛ ተናጋሪ እጅ ሊሆንም ይችላል።

የሚጠፋው ዕቃ ምን ዓይነት እንደሆነ በቅርብ ማየት ተገቢ ነው። የካያክ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ዘንግ ነው። ለፈጣን ወንዝ የሚሠራው ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለባሕርና ለሐይቅ የሚሠራው ከዚያ ይረዝማል። ርዝመቱ የሚመረጠው በቀዛፊው ቁመትና በጀልባው ስፋት ሲሆን፣ ሁለቱ ጠፍጣፋ ጫፎች እርስ በርስ የሚያዘነብሉበት መጠን ደግሞ የባለቤቱን የእጅ አንጓ ልማድ ይከተላል። ካያክን ለአደን ሲገለገሉበት የኖሩት የግሪንላንድ ኢኑይቶች በባህላቸው ልኩን የሚወስዱት ከራሱ ከቀዛፊው አካል ነው፤ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርሰው ርዝመት፣ በዚያም ላይ አንድ ክንድ ይጨመራል። የሕይወት ማዳኛው ጃኬትም ቢሆን ማሰሪያዎቹ በአንድ ሰው ደረት ልክ ተስበው የተስተካከሉ ናቸው። ውኃ በማያስገባው ከረጢት ውስጥ ደግሞ የመኪና ቁልፍ፣ ደረቅ ልብስ፣ መነጽር፣ አንዳንዴም በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ይኖራል። ይህ ሁሉ ለሌላ ሰው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ቢሸጥ ብዙ አያወጣም። ለባለቤቱ ግን እጁና ትከሻው የለመዱት ነው፤ ገበያ ሄዶ ተመሳሳዩን ቢገዛ እንኳ እስኪለምደው ጊዜ ይፈጅበታል።

ይሁንና የጉዳዩ ክብደት ያለው ዕቃው ላይ አይደለም። ወንዝ ላይ የሚንሳፈፍ ባዶ ካያክ ላየ ሰው ፊቱ የሚደቀነው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ሳይሆን «ሰውየውስ?» የሚል ነው። የአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃ ኃይል ባለቤቱ የማይታወቅ ካያክ ወይም ካኑ ተንሳፍፎ ሲገኝ፣ ሰው ውኃ ውስጥ ሊኖር ይችላል ብሎ መነሣት ግድ ይሆንበታል፤ ጀልባ ይወጣል፣ ሄሊኮፕተር ይነሣል፣ ነፍስ አድን ሠራተኞች ራሳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ሲፈልጉ ያድራሉ። ብዙ ጊዜም ፍለጋው የሚያበቃው ካያኩ ከግል ወደብ ላይ ማሰሪያው ላልቶ በነፋስ የተወሰደ፣ ባለቤቱም ቤቱ ተኝቶ ያደረ ሆኖ ነው። በዚህ ምክንያት ይኸው መሥሪያ ቤት ስምና ስልክ የሚጻፍበት፣ «ከተገኘ» የሚል ርዕስ ያለው ተለጣፊ ለቀዛፊዎች በነጻ ያድላል። ተለጣፊው ንብረት ለማስመለስ ይረዳል፤ ከዚያ በፊት ግን የሚረዳው የሰውን ደህንነት በአንድ የስልክ ጥሪ ለማወቅ ነው።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎርፍ ከከመረው የግንድ ክምር መካከል ቢጫ ነገር አየ ይባል። ጀልባውን አስጠግቶ በዘንግ ይስበዋል፤ መቅዘፊያ ነው። ጭቃውን በመዳፉ ሲጠርገው ከጠፍጣፋው ጫፍ ሥር በጥቁር ቀለም የተጻፈ ስልክ ቁጥር ያገኛል። የመጨረሻው አኃዝ ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ስለተላጠ 3 ይሁን 8 አይለይም። በ3 ይሞክራል፤ አንዲት ሴት ትነሣና «ተሳስተዋል» ትለዋለች። በ8 ይሞክራል። አሁን የሚነሣው ድምፅ የባለቤቱ ነው። አጥማጁ ስለ መቅዘፊያው ከመናገሩ በፊት ከአፉ የሚወጣው ቃል «ደህና ነዎት? የተጎዳ ሰው አለ?» የሚል ነው።

በዚህች ደቂቃ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ሌላው የጎደለውን ወሬ ይዘዋል። አግኚው ዕቃው የት እንዳለ ያውቃል፤ ባለቤቱ በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቅም። ባለቤቱ ራሱ በሕይወት እንዳለ ያውቃል፤ ዕቃው የት እንደደረሰ አያውቅም። ከሁለቱ አለማወቆች የሚከብደው የአግኚው ነው። ባለቤቱ የሚያዝነው ለመቅዘፊያ ነው፤ አግኚው ግን ቁጥሩን ከሚያነብበት ጊዜ ጀምሮ ስልኩ እስኪነሣ ድረስ የማያውቀውን ሰው ነፍስ ጭንቀት ተሸክሞ ቆይቷል። ስለዚህ ምስጋናው «አመሰግናለሁ» ከማለት አይጀምርም። የሚጀምረው «ደህና ነኝ፣ ሁላችንም ወጥተናል» ከሚለው ነው። ይህን ሳይናገር ወደ ዕቃው ርክክብ የሚሮጥ ባለቤት፣ የቱንም ያህል ያማረ ቃል ቢደረድር፣ ዋናውን ዕዳ ሳይከፍል ቀርቷል። አማርኛ ተናጋሪ ንብረቱ ጠፍቶበት ነፍሱ ለተረፈች ሰው «እንኳን ነፍስዎን አተረፈ፣ ንብረት ይተካል» ማለቱ ልማዱ ነው። መቅዘፊያ ያገኘው ሰው ይህን ለማለት ዝግጁ ሆኖ ነው የደወለው፤ የሚለውም ሰውየው መትረፉን ሲሰማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀዛፊዎች ደንብ አንድ ነገር መታከል አለበት፤ ዕቃው ለምን እንደጠፋ አብዛኛው ሰው አያውቅምና። በወንዝ ላይ የነፍስ አድን ሥልጠና ሁሉ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ጀልባ፣ በመጨረሻ መቅዘፊያና ሌላው ዕቃ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 300 ሊትር ውኃ የሞላበት ካያክ 300 ኪሎ የሚመዝን ጭነት ሆኖ በወራጁ እየተገፋ ስለሚመጣ፣ በእሱና በአለት መካከል የተገኘ ሰው ይደቀቃል። ዕቃ ለመያዝ ሲል ገመድ ክንዱ ላይ የጠመጠመ ሰውም አብሮ ይወሰዳል። ስለዚህ ጓደኛው ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ያየ ቀዛፊ መቅዘፊያው ሲያልፍ እያየ ይተወዋል፤ ሰውየውን ይጎትታል። ከግንድ ክምር መካከል የተገኘው ቢጫ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የቸልተኝነት ምልክት አይደለም። ከወንዙ ላይኛው በኩል አንድ ሰው ደንቡን ጠብቆ ከዕቃው ይልቅ ጓደኛውን በመምረጡ የቀረ ዕቃ ነው። አግኚው ይህን አያውቅም፤ ቢነገረው ደስ ይለዋል፤ ሊነገረውም ይገባል።

የጠፋ ዕቃ መመለስ ግዴታ ስለመሆኑ የጥንት ሕጎች ብዙ ተናግረዋል። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ የወንድሙን በሬ፣ በግ፣ አህያ ወይም ልብስ ጠፍቶ ያገኘ ሰው አይቶ እንዳላየ እንዳይሆን ያዝዛል፤ ባለቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም የማይታወቅ ከሆነ እስኪፈልገው ድረስ ቤት ወስዶ እንዲያቆየው ይነግረዋል። ሕጉ የከለከለው መስረቅን ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ፊትን አዙሮ ማለፍንም ከልክሏል። በእስልምና ሕግ የተገኘ ዕቃ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አግኚው የተቋጠረበትን መያዣና የታሠረበትን ገመድ በሚገባ አይቶ ይይዛል፣ አንድ ዓመትም በሕዝብ መካከል ያስነግራል፤ ባለቤት ነኝ የሚል ሲመጣ በምልክቱ ይለየዋል። ሁለቱም የሚገምቱት አግኚው ባለቤቱን እንደማያውቀው ነው። እንግዲህ የማይተዋወቁ ሰዎች አደራ የትናንት ጉዳይ አይደለም።

ስለ ወንዝ ለይቶ የተናገረው ግን ታልሙድ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ጎርፍ የሰውን ግንድ፣ እንጨትና ድንጋይ ወስዶ ወደ ሌላ ሰው ይዞታ ቢጥለው የማን ይሆናል ብለው ተከራክረዋል። መልሳቸው በባለቤቱ ልብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ባለቤቱ ተስፋ ከቆረጠ ዕቃው የአግኚው ነው፤ ዕቃውን ተከትሎ በወንዙ ዳር እየሮጠ ከሆነ ግን አሁንም የእሱ ነው፤ ይመለስለታል። በዚህ አስተሳሰብ ሰውን ከንብረቱ ጋር የሚያያይዘው የመጨረሻው ክር ተስፋ ነው። ወደ ፖቶማክ ስንመለስ፣ ባለቤቱ ለሰዓታት ዳር ለዳር ፈልጎ፣ መሽቶበት፣ «በቃ ሄዷል» ብሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። በታልሙድ ሚዛን መቅዘፊያውን አጥቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም ከዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባለቤቱ ከመውጣቱ በፊት ያኖረው ተስፋ ነው፤ ሰውየው ሲደክም አይደክምም። አግኚው ሲደውል የባለቤቱን ተስፋ መቁረጥ የመጨረሻ ቃል አድርጎ አልተቀበለም። የምስጋናው አንዱ ምንጭ እዚህ ነው። አንድ የማያውቀው ሰው፣ እሱ ራሱ ተስፋ የቆረጠበትን ነገር፣ በእሱ ፈንታ ተስፋ አድርጎለታል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ዕቃው የባለቤቱ ከሆነ፣ መመለሱም ግዴታ ከሆነ፣ ለምን ይመሰገናል? ሰው ስላልሰረቀ ምስጋና ይገባዋልን? ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፋቸው ሰባት መጻሕፍት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ አንሥቷል፤ የታዘዘውን ከማድረግ በቀር ምርጫ የሌለው ባሪያ ለጌታው ውለታ ሊውል ይችላልን? የሴኔካ መልስ ይችላል የሚል ነው፤ ከታዘዘው በላይ፣ ከገዛ ፈቃዱ የሚያደርገው ሁሉ ውለታ ነውና። ይህን ወደ አጥማጁ ማምጣት ይቻላል። ግዴታው አለመውሰድና አይቶ አለማለፍ ነው፤ ቢበዛ አቆይቶ ለሚመለከተው ማስረከብ። ጀልባውን ወደ ግንዱ ክምር ማስጠጋት፣ ጭቃውን መጥረግ፣ የተላጠውን አኃዝ መገመት፣ አንዱ ሳይሆን ሲቀር ሌላውን መሞከር፣ ዘንጉን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ ከተማ አቋርጦ መምጣት በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም። ምስጋናው የሚቀርበው ለዚህ ትርፍ ነው። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው አግኚና ባለቤት በአንድ መደብር ዕቃ ክፍል መስኮት ሲገናኙ ብቻ ነው፤ በወንዝ ዳር ግን ከግዴታው በላይ ያለው ድካም ከግዴታው ይበልጣል።

ፈላስፋው ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ምስጋናን የተቀደሰ ግዴታ ይለዋል። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ የተደረገለት ሰው ምንም ቢያደርግ ውለታውን ሙሉ በሙሉ መመለስ አይችልም ይላል፤ መጀመሪያ የጀመረው ሌላው ነው፣ መጀመር ደግሞ አይመለስም። የመቅዘፊያው ጉዳይ ይህን በጣም ያጎላዋል። ጎረቤት ለጎረቤት የዋለው ውለታ ቢያንስ በጊዜ ብዛት ይቀራረባል፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የእኔ ይባላል። በጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች መካከል ቢሆን፣ ዕቃ አግኝቶ የመለሰ ሰው በሌላ ቀን ጭነት ሲያነሣ እጅ የሚያበድረው አያጣም። የፖቶማኩ አጥማጅና የፖቶማኩ ቀዛፊ ግን ነገ የላቸውም። ከአንድ የመኪና ማቆሚያ ተገናኝተው ይለያያሉ። ስለዚህ ምስጋናው ለወደፊት የሚቆይ ሒሳብ ሊሆን አይችልም፤ በዚያችው ሰዓት ሙሉ መሆን አለበት። የተሳካለት እንደሆነም ይህ ምስጋና ከትውውቅ ምስጋና የጠራ ነው፤ ከጀርባው የሚጠብቀው ነገር የለምና።

አሪስጣጣሊስ ደግሞ በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ዘጠነኛ መጽሐፍ ነገሩን ከሌላው ወገን ያየዋል። ውለታ የዋለ ሰው ከተዋለለት ይልቅ አብልጦ ይወድዳል ይላል፤ ባለ ሙያ የሠራውን ሥራ እንደሚወድድ ሁሉ፣ በጎ ያደረገም ያደረገለትን ሰው ይወድዳል። ይህ አስተውሎት ብዙ ባለቤቶች የሚስቱትን ነገር ያሳያል። አግኚው ዕቃውን አስረክቦ ከሄደ በኋላ የቀዛፊው ጉዳይ በእሱ ዘንድ አያበቃም። ያን ሰው በሚመለከት አንድ ነገር ሠርቷልና መጨረሻውን ማወቅ ይሻል። መቅዘፊያው እንደገና ውኃ ነካ? የተጎዳ ጓደኛ ከነበረ ዳነ? ከሳምንታት በኋላ የሚላክ አጭር መልእክት፣ ከወንዙ ላይ የተነሣች አንዲት ፎቶግራፍ፣ ለአግኚው ከገንዘብ በላይ ዋጋ ሊኖራት ይችላል። ምስጋና ወሬ ከማድረስ እንደሚጀምር ከላይ ተብሏል፤ የሚጨርሰውም ወሬ በማድረስ ነው።

የማያውቁትን ሰው ዕቃ የሚመልሱ ሰዎች በእርግጥ ምን ያህል ናቸው የሚለውን አንድ ትልቅ ጥናት መርምሮታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት በ40 አገሮች፣ በ355 ከተሞች 17,303 የኪስ ቦርሳዎች ወድቀው እንደተገኙ ተደርገው ለሆቴል፣ ለባንክ፣ ለቲያትር ቤትና ለመሳሰሉት ተቋማት ሠራተኞች የተሰጡበት ነው። ገንዘብ ከሌለባቸው ቦርሳዎች 40 በመቶ ያህሉ ባለቤታቸው እንዲያውቅ ሲደረግ፣ ገንዘብ ያለባቸው ወደ 51 በመቶ ከፍ ብለዋል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ተጠይቀው ይህን ውጤት አልገመቱም ነበር። ለዚህ ሐተታ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሌላ ውጤት ነው። አጥኚዎቹ በአንዳንዶቹ ቦርሳዎች ውስጥ ቁልፍ ሲያኖሩ በሌሎቹ አላኖሩም። ቁልፍ ለአግኚው ምንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ቁልፍ ያለባቸው ከሌለባቸው በላይ ተመልሰዋል። ሰዎች ሌባ ላለመባል ብቻ ሳይሆን ለጎደለበት ሰው አስበው እንደሚመልሱ ይህ ያስረዳል። በአንድ ሰው ክንድ ልክ የተቆረጠ መቅዘፊያም የቁልፍ ዓይነት ዕቃ ነው።

ስለ ገንዘብ ወሮታ ሕጎች ይለያያሉ። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ለአግኚው እስከ 500 ዩሮ ዋጋ ካለው ዕቃ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ትርፍ 3 በመቶ ይሰጠዋል። የጃፓን ሕግ ከ5 እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ስለተገኙ ዕቃዎች ደንግጓል፤ አግኚው ወሮታ ሊጠይቅ የሚችልበትን መንገድም ከፍቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የባሕር ሕግ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋ ዕርዳታ ስምምነት መርከብና ጭነት ላዳነ ሰው ክፍያ ይወስናል፤ ነፍሱ የተረፈችለት ሰው ግን ክፍያ እንደማይጠየቅ በ16ኛው አንቀጽ አስፍሯል። ሕግ አውጪዎቹ ለዕቃ ዋጋ ሲተምኑ ለነፍስ አልተመኑም። ይህ ልዩነት ለመቅዘፊያው ባለቤት መመሪያ ይሆነዋል። አግኚው ያወጣው የቤንዚንም ሆነ የፖስታ ወጪ ዕዳ ነው፤ ሳይጠየቅ፣ ሳይከራከር ይከፈል። የጭንቀቱ፣ የጥያቄው፣ «ደህና ነዎት?» ያለበት ድምፅ ግን በብር አይተመንም፤ ቢተመን ይረክሳል። ብዙ አግኚዎች ገንዘብ ሲዘረጋላቸው እጃቸውን የሚሰበስቡት ከኩራት አይደለም። የሠሩት የቅጥር ሥራ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ነው። እምቢ ያለን ሰው ደጋግሞ መገፋፋት ደግሞ ምስጋናውን ወደ ጭቅጭቅ ይለውጠዋል። አንድ ጊዜ ማቅረብ ጨዋነት ነው፤ እምቢ ሲባል ተቀብሎ መመረቅ ይበልጣል። በአንጻሩ የቀን ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው የሥራ ሰዓቱን ሰውቶ ከመጣ፣ «ወሮታ ያረክሰዋል» እያሉ ባዶ እጁን መስደድ ፍልስፍና ሳይሆን ንፍገት ነው።

ከምስጋና ሁሉ የሚከብደው ስሙን ሳይናገር ለሄደ ሰው የሚቀርበው ነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከጀልባ ቤቱ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ማን እንደሰቀለው አይታወቅም። ባለቤቱ የሚለው አለው፤ የሚለው ለማን እንደሆነ አያውቅም። አንዳንዶች ይህ ዕዳ ለሌላ ሰው በጎ በማድረግ ይተላለፋል ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተለዋጭ እንጂ ራሱ ምስጋናው አይደለም። አመስጋኙ ቢያንስ በዚያው ስፍራ ለሚቆሙት፣ ለጀልባ አከራዩ፣ ለአጥማጆቹ፣ ለጥበቃው ጃኬቱ ባለቤቱ ዘንድ መድረሱንና ባለቤቱም በሰላም መውጣቱን ሊነግር ይችላል። ወሬ ወንዝ ዳር ይዞራል። ያ ጃኬቱን የሰቀለው ሰው ከሳምንት በኋላ ሲመለስ አንዱ «ሰውየው ደህና ነው፣ መጥቶ ወስዷል» ይለዋል። ያኔ ምስጋናው ደርሷል፤ ሁለቱ ባይተያዩም።

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ። አግኚው ሊመልስ የሚችለው ባለቤቱ አስቀድሞ መንገድ ከሰጠው ነው። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ አግኚውን ጭንቀት ያሸክመዋል፤ መልስ የሚያገኝበትን በር ግን ይዘጋበታል። ዕቃው ጠፍቶ ሰው የዳነ እንደሆነ ደግሞ ቀዛፊው ማንም ሳይጠይቀው ለአካባቢው የነፍስ አድን ክፍል መደወል አለበት፤ የጠፋው ምን እንደሆነ፣ ቀለሙን፣ የጠፋበትን ቦታና ሰው ሁሉ መውጣቱን ይናገር። ያን ጊዜ ባዶው ካያክ ቢታይ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ሰው ሲፈልግ የሚያድር አይኖርም።

ስለዚህ ካያክ ያለው ሁሉ ዘንድሮ ወንዝ ከመውረዱ በፊት ጀልባውን፣ መቅዘፊያውን፣ ጃኬቱንና ከረጢቱን ያውጣና በማይለቅ ቀለም ይጻፍባቸው፤ ድንጋይ በማይደርስበት በኩል፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ። ሁለት ስልክ ቁጥር ይጻፍ። አንዱ የራሱ ይሁን፤ ሁለተኛው ግን በዚያ ቀን የብስ ላይ የሚውል ሰው ቁጥር መሆን አለበት፤ የቀዛፊው ስልክ ራሱ ወንዝ ውስጥ ሊሆን ይችላልና።